በውርጭ ወራት ወፎችም ሐቅ አላቸው



በታኅሣሥ ወር አሰላ ከተማ ላይ የፈጅርን ሶላት ሰግዶ ከመስጊድ የሚወጣ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ የሚያስረዳው አያስፈልገውም። ጋቢው ላይ ሌላ ጋቢ ይደርባል፣ እስትንፋሱ ከአፉ ሲወጣ እንደ ጭስ ይታየዋል፣ እጁን ብብቱ ሥር ወሽቆ ወደ ቤቱ ይፈጥናል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከጀርባዋ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጭላሎ ተራራ ቆሟል። በዚህ ወቅት ሰማዩ ደመና አይኖረውም። ቀን ምድር ያጠራቀመችው ሙቀት ሌሊት የሚይዘው ክዳን አጥቶ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሲነጋም በተራራው ግርጌ ያለው ሣር በነጭ ውርጭ ተሸፍኖ ይገኛል።

እኛም በታኅሣሥ ወር ወደዚያው ተጉዘን በአንድ ቤተሰብ ዘንድ በእንግድነት ሰንብተን ነበር። የቤቱ ሰዎች ሁሉ «አኮ» እያሉ የሚጠሯቸው አያት ፀሐይ ብቅ ስትል ሰፌዳቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ስንዴው ሲበጠር የወጣውን ግርድና ስባሪ በመሬት ላይ በተን አድርገው ዘወር ሲሉ ድንቢጦቹ ከአጥሩ ላይ ግር ብለው ይወርዳሉ፤ ርግቦቹም ከጣሪያው ይከተላሉ። አኮም በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ሙስበሓቸውን እየቆጠሩ ይመለከቷቸዋል።

ምራታቸው ግን ነገሩ ደስ አይላትም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ቁርስ ላይ ሳለን፣ እየሳቀችም ቢሆን፣ የልቧን ተናገረች። «አኮ፣ እርስዎ ወፍ ያበላሉ፤ ስንዴው ሲያልቅ ገበያ የምወጣው ግን እኔ ነኝ። ያሳ ሲደርስም የጎረቤትን ገብስ የሚጨርሱት እነዚሁ ናቸው» አለች። የአሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጅ ደግሞ ወንጭፉን ከኪሱ አውጥቶ እያየን ፈገግ አለ። አኮ ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ጥፋቱ የማን ነው? ፍረዱን» አሉ።

በዚያን ዕለት አልፈረድንም። ነገሩ ከአንድ ቤት ጓሮ የሰፋ መሆኑ ስለገባን፣ ያገኘነውን ሁሉ ለእርሳቸውም ለእናንተም ይዘን ለመቅረብ ቃል ገባን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቃል ፍሬ ነው።

ዲናችን ስለ እንስሳት

ለአንድ የተጠማ ውሻ ከጉድጓድ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው በዚሁ ሥራው ምሕረት ማግኘቱን፣ ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት ደግሞ በዚሁ ሥራዋ መቀጣቷን የማያውቅ ሙስሊም ቤት የለም ማለት ይቻላል። ሁለቱም ታሪኮች በሶሒሕ ሐዲሦች የተላለፉ ናቸው። ስለ ወፍም እንዲሁ ብዙ ተነግሯል። ሶሓቦች ጫጩቶቿን የወሰዱባት አንዲት ወፍ ክንፏን እያርገበገበች ስትጨነቅ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አይተው ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት አዘዋል። ትንሽ ወፍ የሞተበትን አንድ ሕፃን ልጅም ቀርበው እያጫወቱ አጽናንተዋል።

ለአርሲ ገበሬ ከሁሉ በላይ የሚቀርበው ግን ስለ ተካይና ስለ ዘሪ የተነገረው ነው። ሙስሊም ተክሎ ወይም ዘርቶ ካበቀለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። እንግዲህ ያ ምራቲቱ የምትቆረቆርለት ገብስ እንኳ ባለቤቱ ሳያውቀው ከምንዳ መዝገብ አልወጣም ማለት ነው።

ይህ ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ የቀረ አይደለም። በኢስታንቡል ከተማ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተሠሩት መስጊዶች መካከል፣ ለምሳሌ በኡስኩዳር በሚገኘው የአያዝማ መስጊድ፣ በውጭው ግድግዳ ላይ ከድንጋይ የተቀረጹ ትናንሽ የወፍ ቤቶች እስከ ዛሬ ይታያሉ። በአገራችንም የሐረር ሰዎች በዐሹራ ዕለት ቅቤ የገባበት ገንፎ አዘጋጅተው ለጅብ ያቀርባሉ። ልማዱን በድሮ የረሃብ ዘመን ከጅቦች ጋር ከተደረገ ስምምነት ጋር የሚያያይዝ ታሪክ በከተማዋ ይተረካል። ሐረሮች ለጅብ ያዘኑት ለድንቢጥ ምን ያህል ይታዘን ይሆን?

በትንሽ አካል ውስጥ ያለ ትልቅ ምድጃ

ወፍ ለብርድ ለምን ትጨነቃለች? ላባ የለበሰች አይደለችም እንዴ? ለብሳለች፤ ላባዋንም ነፍታ በውስጡ አየር ትይዝበታለች። ነገር ግን የወፍ የሰውነት ሙቀት ከሰው ይበልጣል፤ ወደ 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ክብደቷ ደግሞ፣ ትናንሾቹን ስንመለከት፣ ከ10 እስከ 15 ግራም ብቻ ነው። ትንሽ ጀበና ከትልቅ ድስት ፈጥኖ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ፣ ትንሽ አካልም ሙቀቱን ፈጥኖ ያጣል። ስለዚህ ወፊቱ ሌሊቱን በሙሉ ቀን የበላችውን እያነደደች ታድራለች። በአንድ ብርዳማ ሌሊት ብቻ ከክብደቷ እስከ አሥር በመቶ ልታጣ ትችላለች። ማለዳ ስትነቃ ምድጃዋ ሊጠፋ የተቃረበ ነው። አኮ ፀሐይ ስትወጣ ግርዱን መበተናቸው እንግዲህ ትክክለኛ ሰዓት ነበር። ሌላው ጥሩ ሰዓት ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ያለው ነው፤ ያን ጊዜ ለሌሊቱ ስንቅ ትይዛለች።

ሆኖም የእኛ አገር ብርድ ከአውሮፓው ጋር አንድ አለመሆኑን ልብ ማለት ያሻል። በሰሜን አውሮፓ በታኅሣሥ ሌሊቱ 16 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይረዝማል፤ ምድሩም በበረዶ ስለሚሸፈን ወፏ ከበረዶው ሥር ምግብ ማውጣት አትችልም። በእኛ ዘንድ ሌሊቱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አያልፍም፣ በማግሥቱም ፀሐይ ትወጣለች። እንዲያውም ከዚያ ብርድ የሚሸሹ ወፎች በርካቶቹ ወደ እኛው ይመጣሉ። በመስክ ላይ ከከብት እግር ሥር ጭራቸውን እያወዛወዙ ነፍሳት የሚለቅሙት ቢጫ ደረት ያላቸው ትናንሽ ወፎች፣ በሰማይም የሚያንዣብበው ሽመላ ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ የበጋ እንግዶቻችን ናቸው።

ረሃቡ መቼ ነው?

የተሳሳትንበት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ብርዱ የሚበረታው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ይህ ወቅት ግን በአርሲ መኸር የሚሰበሰብበት ነው። ኮምባይነር ባለፈበት የስንዴ ማሳ ላይ የተንጠባጠበው ፍሬ፣ በአውድማውም ዙሪያ የቀረው ቃርሚያ ለወፍ ሁሉ ድግስ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጎድላቸው እህል ሳይሆን ውሃ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ኩሬው ደርቋል፤ ከፍ ባለው ቦታ ደግሞ የቀረችው ጥቂት ውሃ በማለዳ በስስ በረዶ ተሸፍና ትገኛለች።

እውነተኛው የእህል ረሃብ የሚመጣው በክረምት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ በመሬት ላይ የቀረው ፍሬ ወይ በቅሏል፣ ወይ በማረሻና በትራክተር ተገልብጦ ተቀብሯል፤ አዲሱ ሣር ደግሞ ገና አላፈራም። ነፍሳት የሚበሉት ወፎች በዝናቡ ሲጠግቡ፣ ፍሬ ለቃሚዎቹ ይራባሉ። ውድ አንባብያን፣ ይህ ወቅት የገበሬውም ጎተራ የሚጎድልበት ወቅት መሆኑን አስተውሉ። ወፉም ሰውም አብረው ይራባሉ።

ሰው ወይስ ወፍ?

የምራቲቱ ጥያቄ ክብደት ያለውም ለዚህ ነው። የጎረቤት ልጅ ተርቦ ሳለ እህልን ለወፍ መበተን ከዲኑም ከአእምሮም የራቀ ነው። የቤተሰብ ቀለብ፣ ዘካና የጎረቤት ሐቅ ይቀድማል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሆኖም ሒሳቡን አብረን ብንሠራው የሚያጣላን ነገር እምብዛም ሆኖ አናገኘውም። በየቀኑ አንድ የቡና ሲኒ ግርድ፣ 50 ግራም ያህል ብንሰጥ በ90 ቀን 4 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ይህ ከአንድ ኩንታል አንድ ሃያኛው እንኳ አይሞላም። እሱም ቢሆን ለሰው ከማይቀርበው ከስባሪው፣ ከቀጫጫውና ከሰፌድ ጥራጊው የሚገኝ ነው።

ስለ ማሳው ጉዳት ግን ለእርሷም ሐቋን እንስጣት። በስምጥ ሸለቆው ቆላ ግሪሳ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ ያየ ገበሬ በወፍ አይቀልድም። በመንጋ የሚመጣ ወፍ የቤተሰብን የዓመት ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። እሸት በደረሰ ጊዜ ማሳን መጠበቅ፣ ወፍን በጩኸትና በቆርቆሮ ድምፅ ማባረር ተገቢ ነው። በዚያን ጊዜም በማሳ አጠገብ እህል በትኖ ወፍ መጥራት ጎረቤትን ማስቀየም ስለሆነ መቅረት አለበት። ነገር ግን ወፍን ለጨዋታ በወንጭፍ መግደል ሌላ ነገር ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ አድርጎ መወርወርን ከልክለዋል።

አኮን ያስደነገጠ ነገር

ይህን ሁሉ ስንጨዋወት ምራቲቱ ድንገት አንድ ነገር አነሣች። ባለፈው ሐምሌ፣ ከዘር የተረፈ ጥቂት ስንዴ ነበር፤ አኮ «ወፎቹ ተርበዋል» ብለው ጓሮ በተኑት። በማግሥቱ ሦስት ርግቦች ከአጥሩ ሥር ወድቀው ተገኙ። አኮ ብርድና ዝናብ የገደላቸው መስሏቸው አዝነው ነበር።

«የስንዴው መልክ ምን ይመስል ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ቀላ ያለ ነበር» አሉ።

ቀስ ብለን አስረዳናቸው። ለዘር የሚሸጥ እህል አብዛኛውን ጊዜ ከፈንገስና ከተባይ እንዲጠበቅ መድኃኒት ይለወስበታል፤ ሰው ከሚበላው እንዲለይም ቀይ ወይም ሐምራዊ ቀለም ይቀባል። እንዲህ ያለው እህል ለሰውም፣ ለዶሮም፣ ለወፍም መርዝ ሊሆን ይችላል። ርግቦቹን የገደላቸው ያው ሳይሆን አይቀርም። አኮ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሙስበሓቸውም ቆመ። ከዚያ፣ «በሐምሌ ረሃብ አበላኋቸው ብዬ ነበር፤ ለካ እኔው ነኝ» አሉ። ምራታቸው ወዲያው ተነሥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ «አኮ፣ እርስዎ አላወቁም። ከረጢቱን ጓዳ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር» አለቻቸው።

እኛም ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ጽሑፍ በሌላ ዓይን አየነው። ኒያ መልካም ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ዕውቀት ይከተለው ዘንድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚከተለውን ምክር በጥሞና አንብባችሁ ለአያቶቻችንና ለልጆቻችን እንድታስረዱልን እንጠይቃለን።

እንዴት እንመግብ?

አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት ውሃ። ዝርግ ሳሕን ወይም የሸክላ ስባሪ በቂ ነው። ጥልቀቱ ከጣት ርዝመት አይብለጥ፤ መሐሉ ላይ ወፏ የምትቆምበት ድንጋይ አድርጉ። በየማለዳው በአዲስ ውሃ ይለወጥ። በበጋ ወራት ከእህል ይልቅ የሚጠቅማቸው ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ምግቡ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። የስንዴ፣ የገብስና የጤፍ ግርድ፣ የማሽላ ስባሪ፣ ያልተቆላ ኑግ ይስማማቸዋል። የሻገተ እህልም ሆነ እንጀራ አይሰጥ፤ ሻጋታ ይመርዛቸዋል። ጨው፣ በርበሬና ዘይት የነካው የወጥ ትራፊ አይሆንም። ወተትም አይስማማቸውም። የዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪ በጥቂቱ ካልሆነ አካልን አይገነባም። ቀለም የተቀባውን ዘር ደግሞ በምንም መንገድ አታቅርቡ፤ ከምግብ እህል ለይታችሁ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ።

ሦስተኛ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጨርሱትን ብቻ ስጡ። የተረፈ እህል ሌሊት አይጥን ይጠራል፤ አይጥ ደግሞ ወደ ጎተራ መንገዱን ያውቃል።

አራተኛ፣ ንጽሕና። ወፎች በአንድ ቦታ ሲሰበሰቡ በሽታም አብሮ ይሰበሰባል። በእንግሊዝ አገር ወፍ መመገብ የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ሕዝቡ በየዓመቱ በጥር ወር የጓሮውን ወፎች ይቆጥራል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በመመገቢያ ቦታዎች የተዛመተ የጉሮሮ በሽታ አንድን አረንጓዴ ፍሬ ለቃሚ ወፍ ክፉኛ አመናምኖታል። ስለዚህ የምትበትኑበትን ቦታ በየጥቂት ቀኑ ለውጡ፤ ዕቃውን እጠቡ፤ ላባዋን ነፍታ የፈዘዘች፣ ሰው ሲቀርባት የማትበር ወፍ ካያችሁ ለሁለት ሳምንት መመገቡን አቁሙ። ከዚያም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

አምስተኛ፣ ከዶሮዎቻችሁ አርቁ። ፈንግልን የመሳሰሉ በሽታዎች ከወፍ ወደ ዶሮ፣ ከዶሮም ወደ ወፍ ሊተላለፉ ይችላሉ። የዶሮ መኖና ውሃ የዱር ወፍ እንዳይደርስበት ይሸፈን።

ስድስተኛ፣ ድመትን አስቡ። ቁጥቋጦ ሥር የተበተነ እህል ለድመት ወጥመድ ነው። ከማንኛውም መሸሸጊያ ሁለት ሜትር ያህል የራቀ ገላጣ ቦታ ምረጡ።

ተራራውን ለባለቤቱ ተዉት

እዝነታችን ከጓሮ አልፎ ወደ ጭላሎ፣ ወደ ገላማና ወደ ቃቃ ተራሮች እንዳይሻገር ግን እንጠንቀቅ። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2011 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኙት የደጋ አጋዘንና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። የደጋ አጋዘን በዓለም የታወቀው በ1908 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከአርሲ ተራሮች በተገኘው ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙንም በ1910 እ.ኤ.አ. አግኝቷል። ለእነዚህ አራዊት ምግብ ማቅረብ ሰውን እንዲለምዱ፣ ወደ ማሳና ወደ ውሻ እንዲቀርቡ ማድረግ ነው። ቀይ ቀበሮ ራሱን በራሱ የሚመግብ የፍልፈልና የአይጥ አዳኝ ነው። የሚያጠፋው ረሃብ ሳይሆን ከውሻ የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በአጎራባቹ ባሌ ተራሮች ይህ በሽታ በተደጋጋሚ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ለቀበሮ የሚያዝን ሰው ውሻውን ያስከትብ፣ ወደ ተራራም ይዞት አይውጣ።

የማያልቅ ሶደቃ

በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ለአርሲ ገበሬ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ አስተዋውቋል። አርሲም የስንዴ አገር ሆነች፤ ይህም ብዙ ሰው አጠገበ፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ማሳው እየሰፋ ሲሄድ የድንበር ቁጥቋጦውና የአገር በቀሉ ዛፍ ተመነጠረ፤ በምትኩ የቆመው ባሕር ዛፍ ለወፍ የሚሆን ሥጋ ያለው ፍሬ የለውም።

ስለዚህ ከእፍኝ እህል የሚበልጠው ስጦታ ዛፍ ነው። የወይራና የጽድ ፍሬ ርግቡንም ሌላውንም ወፍ ይመግባል። የቀጋ አጥር ከብት ይከለክላል፣ ፍሬውን ልጅም ወፍም ይበላዋል፣ እሾሁም ጎጆን ከድመት ይጠብቃል። ኮርችና እሬት ሲያብቡ ደግሞ በተከዜ ወንዝ ስም የሚጠራው ያ የሚያብለጨልጭ አበባ ጠቢ ወፍ ይመጣል። ዛፍ በውርጭ ሌሊት መጠለያ፣ በክረምት ምግብ ነው፤ ተካዩ ከሞተ በኋላም ሶደቃው አይቋረጥም።

በመጨረሻ ቃል በገባነው መሠረት ለአኮ ፍርዳችንን አቀረብን። ወፎቹ ማለዳ ተርበው ወጥተው ማታ ጠግበው እንደሚመለሱ፣ ሲሳያቸውም በአላህ (ሱ.ወ) እጅ እንደሆነ፣ የእኛ ድርሻ ግን የሲሳዩ ሰበብ መሆን እንጂ ጥፋታቸው አለመሆን እንደሆነ ነገርናቸው። ጥፋተኛ የለም፤ ሁሉም ከፊል እውነት ይዘዋል አልናቸው።

ስንሰናበት ምራቲቱ የቀይ ዘሩን ከረጢት በገመድ አስራ ከምግብ ጓዳ አውጥታ ነበር። ልጁም ወንጭፉን ባይጥለውም፣ የአሮጌ ሳሕን ውሃ በየማለዳው የመለወጥ ኃላፊነት ተሰጥቶት ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። አኮ ግን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ «ለርግቦቹ ዱዓ ይደረጋል?» ብለው ጠየቁን። እኛም፣ «ለቀሩት ወይራ ይተከልላቸዋል» አልናቸው። ክረምት ሲገባ፣ ኢንሻአላህ፣ ከአጥራቸው ሥር ርግቦቹ በወደቁበት ቦታ ሦስት የወይራ ችግኞች ሊተክሉ ቃል ገብተውልናል።

እናንተስ ውድ አንባብያን፣ በጓሮአችሁ ለስንት ትተክላላችሁ?

ወሰላሙ ዐለይኩም።